የት አደረ? ምን በላ? የደሴ መንገድ እንግዳና ማዕዱ

ደሴ ውስጥ ከነገሥታቱ ቤት ሁሉ ስሙ የገነነው የዙፋን ቤት አይደለም፤ የመኝታ እልፍኝም አይደለም። የግብር አዳራሽ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም ከተማዋ መሐል ቆሞ ይታያል። ንጉሡ የት ይተኙ እንደነበር የሚጠይቅ ጎብኚ እምብዛም የለም፤ የት ያበሉ እንደነበር ግን የደሴ ልጅ ሁሉ ጣቱን ዘርግቶ ያሳያል።

ከአልጋ ይልቅ ማዕድ የሚወሳው በደሴ ብቻ አይደለም። የባሕር ሽርሽር ነገር በየቤቱ ወሬ ከሆነ ሰንብቷል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ከማያሚ ተነሥተው የሦስትና የአራት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ያደርጉና ፎቶግራፉን ይልካሉ። እንዴት ነበር ሲባሉ ባሕሩን ከሁለት ቃል በላይ አያነሡትም። ክፍሉ ጠቦን ነበር፣ መስኮትም የለው፣ አልጋው ደኅና ነው፣ ምግቡ ግን አይነሣ፤ እኩለ ሌሊት ላይ እንኳ ይበላል! ወሬው ይኸው ነው። እውነታቸውንም ነው፤ የመርከብ ሽርሽር ሲገዛ የሚገዛው አልጋና ማዕድ ነው፣ ባሕሩ ምርቃት ነው። የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ኩባንያ እንዲህ ያለውን የሽርሽር ጉዞ ገና ለገበያ በሚያስተዋውቅበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1844፣ ደራሲውን ዊልያም ታከሪን በነጻ ቲኬት ጋብዞ ሜዲትራኒያንን አዞረው፤ እሱም መጽሐፍ ጻፈበት። የጉዞ ጽሑፍና የነጻ ቲኬት ወዳጅነት የዛሬ አይደለም ማለት ነው።

ወሎ ባሕር የለውም። መንገድ ግን አለው። ከአዲስ አበባ አስመራ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የሰሜኑ መንገድ፣ ከኮምቦልቻ ተገንጥሎ በባቲ በኩል ወደ አሰብ ከሚወርደው ጋር ሆኖ፣ ለብዙ ዘመን መንገደኛውን ቢያንስ አንድ ሌሊት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያሳድረው ነበር። ያ መንገደኛ የት አደረ? ምን በላ? የደሴን ዙሪያ ታሪክ በዚህ በኩል ላየው ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ማዕዱ ሁልጊዜ ቀደመ፣ አልጋው ሁልጊዜ ኋላ ቀረ። ምክንያቱም የአገሬው ግድ የለሽነት አይመስለኝም።

መኪና ከመምጣቱ በፊት ወሎን የሚያቋርጠው የሲራራ ነጋዴ ማደሪያው ሜዳ ነበር። ሲመሽ ጭነቱ ከበቅሎና ከአህያ ይወርድና እንደ ካብ ይደረደራል፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል፤ ከብቱ መሐል ይገባል። ነጋዴው ቁርበቱን አንጥፎ፣ ቡልኮውን ተከናንቦ፣ አሞሌውን ተንተርሶ ያድራል። ምግቡ ስንቁ ነው፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ከሞላለትም በቅቤ የታሸ ጭኮ። ብቻውን የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ሁሉ ይቀርብለታል፤ የቤቱ ልጆች እሱ እስኪጠግብ ቆመው ይጠብቃሉ። ማደሪያው ግን መደብ ነው፣ ካልሆነም ምድጃው ዳር፣ ከጥጃና ከበግ ጋር። የቤቱ እመቤት ምን አበላዋለሁ ብላ ስትጨነቅ ታመሻለች እንጂ ምን ላይ አስተኛዋለሁ ብላ እንቅልፍ አታጣም። ቁንጫው እንደሆነ ለእንግዳም ለባለቤትም እኩል ነው።

የመንግሥት እንግዳ ሲሆን ወጉ ይለወጣል። የሚያልፍበት አገር ድርጎ ያወጣለታል፤ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ለበቅሎው ገብስ ሳይቀር ድንኳኑ ድረስ ይሄድለታል። ይህም ቢሆን ማዕድ ነው። ድንኳኑን ይዞ የሚመጣው እንግዳው ራሱ ነው። ለባለ ሥልጣን እንኳ አልጋ የማዘጋጀት ግዴታ በሕዝቡ ላይ አልነበረም፤ የማብላት ግዴታ ግን ነበረ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከአቅም በላይ። ድርጎ ለተቀባዩ ክብር ነው፤ ለሚያወጣው ገበሬ ግን ከእጁ የሚወጣ በግና ማር ነው።

ወደ አይጠየፍ እንመለስ።

ንጉሥ ሚካኤል ወሎን ሲገዙ ሁለት ማዕድ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ ከደሴ አቅራቢያ ባለችው ቦሩ ሜዳ ላይ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ካደረጉት ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ንጉሠ ወሎ ወትግራይ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የሚገዙት ሕዝብ እኩሌታው ክርስቲያን የባረከውን እንጂ ሌላ የማይበላ፣ እኩሌታው ቢስሚላህ ያልተባለበትን የማይቀምስ ነው። እንዲህ ባለ አገር አንድ አዳራሽ ሠርቶ ሁሉን ማብላት የዋዛ ነገር አይደለም። አዳራሹ ስሙን ያገኘው እስላም ክርስቲያን፣ ጌታ ሎሌ ሳይል ስለሚያስተናግድ ነው ሲባል የኖረውም ለዚህ ነው።

የግብር ሥርዓቱን ቀረብ ብለን እንየው፤ በዚያ ዘመን የነገሥታቱ ግብር በየትም አዳራሽ አካሄዱ ተመሳሳይ ነበር። ንጉሡ ከፍ ካለው መደብ ላይ ሆነው መጋረጃ ተጋርዶ ከጥቂት ባለሟሎች ጋር ይበላሉ፤ የንጉሥ አፍ ሲያላምጥ ሰው አያየውም። መጋረጃው ሲገለጥ አጋፋሪዎቹ በማዕረጉ እየለዩ ሕዝቡን ያስገባሉ። እንጀራው ተነባብሮ ተዘርግቷል፤ ወጥ ቤቶች ወጡን ከላዩ እየጨለፉ ያልፋሉ። ከዚያ ብሩንዶው ይመጣል፤ ትኩስ ሥጋ ከረጅም እንጨት ላይ ተሰቅሎ ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ ተሸክሞ በረድፉ መሐል ሲያልፍ፣ ተቀማጩ በየቢላዋው የወደደውን ብልት ይቆርጣል። ጠጁ ለመኳንንቱ በብርሌ፣ ለወታደሩ በቀንድ ዋንጫ ይቀዳል። አሳላፊው ከማቀበሉ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። አንዱ ተራ ጠግቦ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ማዕረግ እየወረደ በሄደ ቁጥር ወጡም እየቀጠነ፣ ጠጁም ወደ ጠላ እየተጠጋ ይሄዳል። ጎን ለጎን ባይቀመጡም ሁሉም ከአንድ ጣሪያ ሥር በልቶ ይወጣል።

ግብር ደግነት ብቻ አይደለም። ጌታ የሚታወቀው በሚያበላው ሰው ቁጥር ነው፤ የበላ ወታደር ዘመቻ ሲታወጅ ፊት ይሰለፋል። የበላበትን አዳራሽ የሚረሳ ሎሌ ከሃዲ ይባላል። ስለዚህ አዳራሹ የጦር ሰፈርም፣ ሸንጎም፣ የመንግሥት ግምጃ ቤት መክፈቻም ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ቆሞ የተዋጋው ሠራዊት ብዙው የዚያ አዳራሽ ተመጋቢ ነበር ብል የተጋነነ አይሆንም። መኝታ ግን ማንንም አያሰልፍም። ጥሩ አልጋ ላይ ያስተኛችሁ ሰው እንዲያሸንፍ ብላችሁ ጦር አትወረውሩም። በአገራችን ማዕድ የአደባባይ ጉዳይ የሆነው፣ አልጋ የጓዳ ጉዳይ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

የሌላ አገር ሰው በብዛት ደሴን እንደ ማደሪያ ያየው በኅዳር 1928 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ጠቅላይ ሰፈራቸውን ወደ ደሴ ሲያዛውሩ የዓለም ጋዜጠኞች በካሚዮን ተከተሏቸው። ከመካከላቸው ለዴይሊ ሜይል ይጽፍ የነበረው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ነበረበት፤ የመጀመሪያ ሙከራው ደብረ ብርሃን ላይ ተገትቶ ተመልሷል፣ በሁለተኛው ነው የደረሰው። እነዚህ ሰዎች ማዕዱንም አልጋውንም ከአዲስ አበባ ጭነው ነው የመጡት፤ ድንኳን፣ ተጣጣፊ አልጋ፣ የቆርቆሮ ምግብ፣ ወጥ ሠሪ ሳይቀር። ድንኳናቸውን የተከሉት የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሐኪሞች ይሠሩበት በነበረው የተፈሪ መኮንን ሆስፒታል ግቢ ነው። ኅዳር 26 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መጡ። ከተማዋን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል የተሳለበትን ሆስፒታል አልማሩም። ንጉሠ ነገሥቱ ከመትረየስ ኋላ ሆነው የተነሡት የታወቀው ፎቶግራፍ ያኔ ደሴ ላይ የተነሣ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ደሴ ገቡ። ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ የተነሣው ከዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው መንገድ ነው፤ የጣርማ በር ተራራ ተበስቶ 587 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ተከፈተ፣ ወደ አሰብ የሚወርደውም መንገድ ተጠረገ። ከመንገዱ ጋር አልቤርጎ መጣ። መንገደኛ በገንዘቡ አንድ ክፍል፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ አንሶላ የሚያገኝበት ዓይነት ቤት በዚህ መስመር የተስፋፋው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ራስ ሆቴል፣ ጎንደር ደግሞ እቴጌ ሆቴል ብለን የምናውቃቸው ቤቶች የዚያን ዘመን የኢጣሊያ የሆቴል ኩባንያ ሕንፃዎች ናቸው።

ክፍሉ ግን ለማን ነበር? የፋሽስት ሕግ ምግብ ቤቱን፣ ሲኒማውን፣ አውቶቡሱን በዘር ለያየ። ሀበሻ ከነጭ ምግብ ቤት አይገባም፤ በኋላማ ኢጣሊያዊ ራሱ የሀበሻ ቡና ቤት ቢያዘወትር የሚቀጣበት ሕግ ወጣ። አይጠየፍ በቆመበት ከተማ የሚጠየፍ ቤት ተከፈተ። ይህ ሁሉ ዕድሜው አጭር ነበር፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ በደቡብ አፍሪካ ብርጌድና አብረውት በተዋጉ አርበኞች እጅ ገባች። ሕጉ ሄደ፤ ፓስታ በስጎው፣ ፉርኖ ዳቦውና አልቤርጎው ቀሩ።

ቀጥሎ የመጡት ሠላሳና አርባ ዓመታት የመንገዱ ወርቃማ ዘመን ናቸው። የጭነቱን መንገድ ትሬንታ ኳትሮ፣ በኋላም ኤን ትሬ የተባሉት ካሚዮኖች ያዙት፤ ሕዝቡን አውቶቡስ። ከአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት የተነሣ አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ቁርስ፣ ደብረ ሲና ቆሎ፣ ሸዋ ሮቢት ፍራፍሬ እያለ፣ በሰንበቴና በከሚሴ አልፎ፣ 376 ኪሎ ሜትር ላይ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ደሴ። የሕዝብ ማመላለሻ በሌሊት እንዳይነዳ ይከለከል ስለነበር ማደር ግድ ነው።

እንግዲህ የአልቤርጎውን ክፍል ግቡና እዩት፤ ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ክፍል ነው የሚነግራችሁ። ቁልፉ እንዳይጠፋ ከጠረባ እንጨት ጋር ታስሯል። አልጋው ሽቦ ነው፤ መሐሉ ስለረገበ ሁለት ሰው ከተኛበት ወደዱም ጠሉ መሐል ላይ ይገናኛሉ። አንድ ብርድ ልብስ አለ፤ ለደሴ ብርድ ሁለተኛ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው በልመና ይመጣል። አምፖሉ አንድ ነው፣ ማጥፊያው ከአልጋው ይርቃል። መጸዳጃው ግቢው ጥግ ነው፤ መታጠቢያው በጆግ ውኃና በሳህን። ትኋን ካለ ሌሊቱ ይረዝማል። ደግሞ ያም ሌሊት ሙሉ አይደለም፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን የአውቶቡሱ ረዳት በየበሩ እየዞረ ይደበድባል። «ተነሡ! መኪና ሊሄድ ነው!»

የምግብ ቤቱ በር ግን ሌላ ዓለም ነው። ሽሮው ሲንተከተክ ይሰማል፤ ጥብሱ በሸክላ ይመጣል፤ ከቆላው የመጣ የማሽላ እንጀራ የሚወድም የጤፍ የሚወድም የየራሱን ያገኛል። ቅቅል ለብርዱ፣ ዱለት ለጠዋት። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ ማንም አይነሣም። ሾፌሮች የሚበሉበትን ቤት ተከተል የሚለው ምክር እዚህ መንገድ ላይ ሲሠራ ኖሯል።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ሒሳብ ነው። ምግብ ቤቱን የሚዳኘው መንገደኛው ብቻ አይደለም፤ የከተማው አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ መካኒክ፣ ወታደር በየቀኑ ይበላበታል። ወጡ አንድ ሳምንት ከቀጠነ ሰው ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ክፍሉን ግን የከተማው ሰው አይተኛበትም። የሚተኛበት ነገ ከንጋት በፊት ይሄዳል፤ ተመልሶ ላይመጣም ይችላል፤ ቢመጣም አውቶቡሱ የቆመበት አጠገብ ያገኘውን ይይዛል። ማንም የማይዳኘው ዕቃ ደግሞ አይሻሻልም። መርከብ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተሳፋሪው ቢከፋውም መውረጃ የለውም፤ ስለዚህ ኩባንያው አስቀድሞ ክፍሉን ባለ መስኮትና ባለ በረንዳ እያለ በደረጃ ከፍሎ ይሸጥለታል፤ ምግቡን ደግሞ ቅሬታውን እንዲያስረሳ ያበዛለታል።

ወሎ ምግብ ቤቶች ላይ ያለ አንድ ነገር ግን የትም መርከብ ላይ የለም። የመሐል አገር ሰው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ገብቶ መጀመሪያ ማየት ያለበት የልኳንዳውን ምልክት ነው፤ መስቀል ነው ወይስ ጨረቃና ኮከብ? ሁለቱ ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው ይቆማሉ፤ ባለቤቶቹም አንዳንዴ ጎረቤት ብቻ ሳይሆኑ ዘመድ ናቸው። ሠርግ የሚደግስ የወሎ ሰው ሁለት በሬ ይጥላል፤ አንዱን ቄስ ይባርከዋል፣ ሌላውን ሼህ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ዳስ ይሠራል። የዓርብና የረቡዕ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ረመዳን በአንድ መንገድ ዳር ሲፈራረቁ ምግብ ቤቱ የቀን መቁጠሪያ እያየ ነው የሚያበስለው። ንጉሥ ሚካኤል በአዳራሽ የሞከሩትን ዛሬ ተራ ነጋዴ በሁለት ክፍል ቤት ሲያደርገው ይውላል፤ ግብር አብዪ አይባልም እንጂ።

ስለ ወሎ ማዕድ እያወሩ 1966 ዓ.ም.ን መዝለል ግን ያሳፍራል። በዚያ ዘመን ረሃብ የወሎ ገበሬ መሬቱን ትቶ ወደዚሁ አውራ ጎዳና ወረደ። መንገደኛ ማረፊያ የነበሩት ከተሞች የረሃብተኛ መጠለያ ሆኑ። አውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ስንቁን ከጭኑ ላይ አድርጎ፣ መንገድ ዳር የወደቀውን በመስኮት እያየ አለፈ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አያይዞ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየው፤ በአንድ በኩል የተራበ ሕፃን፣ በሌላ በኩል ኬክና ሻምፓኝ። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። አብልቶ የገነነ ሥርዓት በማዕዱ ተከሰሰ። ደርግም የፊልሙን ጉልበት የተረዳው ሕዝቡ ማብላትን የመንግሥት የመጀመሪያ ግዴታ አድርጎ እንደሚቆጥር ስላወቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ሌላ ነገር ተቆረጠ። የአስመራው መስመር ቆመ፤ የአሰብ ወደብ ተዘጋብን። ኮምቦልቻ ላይ አድሮ ወደ አሰብ የሚወርደው ሾፌር ቀረ። በኋላ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሌላ ዓይነት እንግዳ መጣ፤ አንድ ሌሊት ሳይሆን ሳምንትና ወር የሚከርም መሐንዲስና ነጋዴ። ኮምቦልቻ ውስጥ ደኅና ክፍል፣ ሙቅ ውኃ፣ ባለ ትንኝ መከላከያ አጎበር አልጋ ማግኘት እየተለመደ የመጣው እንዲህ ያለው እንግዳ ሲበዛ ነው። የሚሰነብት እንግዳ ክፍሉን ይዳኛል።

የአውሮፕላኑን ነገር በአጭሩ ላንሣው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ነበሩ። መቀመጫቸው በግድግዳው ርዝመት የተዘረጋ ተጣጣፊ አግዳሚ ነው፤ ተሳፋሪ ከተሳፋሪ ፊት ለፊት ይተያያል፣ ጭነቱ መሐል ይቀመጣል። ዛሬ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛ ስለ እግር ማሳረፊያ ሲያማርር ስሰማ ይህን አስባለሁ።

እውነተኛውን የውኃ ጉዞ ለሚሻ ደግሞ ሐይቅ አለ፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የገነነ ነው። ያኔ ደሴት ነበር፤ አሁን ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ1500ዎቹ መጀመሪያ በዚህ በኩል ያለፈው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ መነኮሳቱ በደንገል ታንኳ እንደሚመላለሱ፣ ደሴቱም ሎሚና ብርቱካን እንደሞላበት ጽፏል። ታንኳ ላይ ክፍልም ማዕድም የለም፤ ገዳም ደርሶ ግን እንግዳ ባዶ አፉን አይመለስም። ወንድ ከሆነ ማለት ነው፤ ሴት ወደ ወንዶቹ ገዳም አትገባም። ዛሬ ሐይቁ ዳር የተከፈቱ ማረፊያዎች ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው፣ በጉላሽ ወይም በዱለት ሠርተው ያቀርባሉ።

መርከብ ሊባል የሚችል ጉዞ ያለን ጣና ላይ ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ቁንዝላ ላይ አድሮ በማግስቱ የሚደርስበት ጉዞ ለብዙ ዓመት ሲሠራ ኖሯል። በዋጋ የሚሸጥ የመኝታ ካቢን አልነበረውም፤ ሕዝቡ ከእህሉና ከዶሮው ጋር ተቀምጦ ይሄድ፣ አገልግሉን ፈትቶ ያጎርስ፣ ሌሊቱን ወደብ ወርዶ ያድር ነበር። ሽርሽር ብለው የተሳፈሩ ፈረንጆች ብዙዎቹ ወደውታል፤ ገበያተኛው ግን ሽርሽር ነው ቢባል ይስቃል።

ለቅዳሜና እሁድ ወደ ደሴ ዙሪያ ለሚያስብ አንባቢ የኔ ምርጫ ይኼ ነው። ማደሪያው ኮምቦልቻ ይሁን፤ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ሌሊቷ ለዘብ ይላል። ክፍሉን ሳያዩ አይክፈሉ፤ ሙቅ ውኃውን ከፍተው ይፈትሹ፤ ከመናኸሪያው አጠገብ አይያዙ፣ ረዳቶቹ ዛሬም ገና ሳይነጋ ይጮኻሉ። ምሳው ደሴ ይሁን፣ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ አካባቢ፤ የልኳንዳውን ምልክት አይተው ይግቡ። አይጠየፍን ከምሳ በኋላ ይጎብኙት። በባዶ ሆድ ያንን አዳራሽ ማየት አይመከርም፤ የሚያበላ የለም።